እሸቱን መጀመሪያ የሚቀምስ

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ሸማ እየሠራሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን የሐሙስ ጠዋት ጥናት ላይ ወጣቱ ሰባኪ ስለ ጥንት ክርስቲያኖች ሲያስተምር ግማሹ ያመልጠኛል። ያን ዕለት ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

የጥንቶቹ ምእመናን ድነትን በጉዲፈቻ ይመስሉት ነበር አለን። በሮማውያን ሕግ ልጅ ተደርጎ የተወሰደ ሰው የአሳዳጊውን ስም ይይዛል፤ ከተወለደው እኩል ይወርሳል፤ የቀድሞ ቤቱ ከዚያ ወዲያ የእኔ ነው ሊለው አይችልም። ሐዋርያውም፣ ከእሱ በኋላ የመጡት አባቶችም፣ እግዚአብሔር እኛንም እንዲሁ ወሰደን፤ አባት ብለን እንድንጠራው ፈቀደልን ብለው አስተማሩ። ከፊቴ የተቀመጠው ወንድሜ በመሃረቡ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ጀርባውን እያየሁ ቀናሁ። እሱ ይህን ትምህርት ከሰባኪው ቀድሞ ያውቀዋል፤ አባቴ ልጄ ብሎ ያሳደገው ነው።

ወደ ቤታችን የመጣው ጨንቻ ሳለን ነው። አባቱ ከአባቴ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ሸማ ሲሠራ ታሞ ሞተ፤ እናቱ ቀድማ ሞታ ነበር። አባቴ ልጁን በእጁ ይዞ ገባና ለሽማግሌዎች ልጄ ነው አለ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሱ አሥር። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት ወግ የገብስ እሸት ሲደርስ የቤቱ በኩር ሳይቀምስ ታናናሾቹ አይነኩም። እስከዚያ ዓመት በኩሩ እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት አባቴ የተጠበሰውን እሸት በመዳፉ ፈትጎ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ እጁን በእኔ ፊት አሳልፎ ለእሱ ዘረጋለት።

"ታላቅህ ነው" አለኝ።

ልጁ ቃመና፣ አባባ ይጣፍጣል አለ። አባቴን አባባ ሲለው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ አመድ ዓይኔ ገባ አልኳት።

አድገን ሁለታችንም አርባ ምንጭ ወረድን። አባታችን ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነው። ዘመዶቻችን ግን በየዓመቱ እሸት በሚኒባስ ይልኩልናል፤ መናኸሪያ ሄጄ የምቀበለው እኔ ነኝ። ዛሬ ልናገር፤ አንድም ዓመት ሳልቀምስ አድርሼለት አላውቅም። ጓሮዬ ሁለት ሦስት ዛላ ከሰል ላይ ጠብሼ እበላለሁ። ከዚያ ተጉመጥምጬ የቀረውን እወስድለታለሁ። እሱ ጸልዮ ይቀምሳል፤ እኔም ገና እንደምቀምስ ሰው ከእሱ ቀጥዬ እቀምሳለሁ። በልቤ ግን በኩሩ እኔ ነኝ።

ያን ሐሙስ የያዘኝ ሰባኪው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ክርስቶስ በባሕርዩ ልጅ ነው፤ እኛ በጸጋ ነን። የተወለደው ልጅ ግን የአባቱን ቤት ራሱ ከፈተልን እንጂ በር ላይ አልቆመብንም አለ። እኔ ስንት ዓመት በር ላይ እንደቆምኩ ሳስብ አንገቴን ደፋሁ።

በሳምንቱ እሸቱ መጣ። መንገዱን ሙሉ ምራቄን እየዋጥኩ፣ አንድ ዛላ ሳልነካ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወጣሁ። ወንድሜ በረንዳው ላይ ከሰል አያያዘ።

"እስከ ዛሬ ቀድሜህ እየቀመስኩ ነው የማመጣልህ" አልኩት።

ቀና አላለም። "ጢምህ ላይ ገለባ ይዘህ እየመጣህ ልታታልለኝ?"

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ከሰሉን አራገበው።

"አባባ ሲያስነጥስ ሦስቴ ነበር" አለ። "አንተም ሦስቴ ነው። ባስነጠስክ ቁጥር አባባን እሰማዋለሁ። እሸቱን ሰጠኝ፤ ያንን ግን ከየት አምጥቶ ይስጠኝ? ስቀናብህ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ከእሸቱ ብትሰርቀኝ ዝም አልኩ።"

ዛላዎቹን ጠብሼ እንደ አባታችን በመዳፌ ፈተግሁ፤ እፍ አልኩና ዘረጋሁለት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአፌ አልወጣ ያለኝን ቃልም ያን ጊዜ አወጣሁት።

"ጋሼ፣ ቅመስ።"

ጥርስ ስለሌለው ብዙ አላመጠ። ከእጄ ላይ አብዛኛውን ወስዶ ጥቂት ፍሬ ነው የተወልኝ። አየሁት። ቅናቴም ቆንጠጥ አደረገኝ። የቀረችኝን ቃምኩ።