ከአንኮበር አቀበት የወረደው ጥድ

ሸዋ ሮቢት ከሚገኘው ቤቴ በታች፣ ከአውራ ጎዳናው ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ አናጺ ሱቅ ከፍቷል። ቀኑን ሙሉ የሚሰነጥቀው ባሕር ዛፍ ስለሆነ በደጃፉ ሳልፍ ዞር ብዬም አላየው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ከደብረ ሲና በኩል የመጣ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ ሲልግ ደረስኩ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ የባጃጅና የሽንኩርት መኪና ጫጫታ መካከል፣ የጥዱ ሽታ የደጋውን ብርድ ይዞ የወረደ ይመስል ነበር። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆምኩ። አናጺው ሥራ የማዝዘው መስሎት ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ያደግኩበትን ቤት እያሸተትኩ ነው ልለው አልቻልኩም፤ ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

ያደግኩት አሊዩ አምባ ነው፤ አንኮበር ከላይ እንደ ግንብ ቆሞ በሚታይበት፣ ከታች ደግሞ ቆላው እስከ አፋር በረሃ ድረስ ተዘርግቶ ዓይን በሚያደክምበት አምባ ላይ። ቤታችንን ያሠራው የአባቴ ቅድመ አያት ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ከበረሃ በግመል የሚመጣውን አሞሌ ጨው ተቀብሎ በበቅሎ ወደ ደጋ የሚያወጣ። ብዙ አገር የዞረ ሰው ነው ይሉናል፤ ቤቱን ሲሠራ ግን የሌላ አገር ቤት አላስመሰለም። የመንደሩን ድንጋይ በመንደሩ ጭቃ እያያያዘ፣ በየክንዱ ከፍታ የወይራ እንጨት እንደ መቀነት እያዞረ፣ ሁለት ደርብ አድርጎ አቆመው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ እኔና ታናሽ ወንድሜ በመስኮቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተን ቁልቁል ገበያተኛውን እናይ ነበር። ላይኛው ደርብ የሰው፣ ምድር ቤቱ የበቅሎና የጨው ነበር። እኔ ስወለድ ጨው ከቀረ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ የምድር ቤቱ ድንጋይ ግን ጨውነቱን አልተወም። ልጆች ተደብቀን ግድግዳ እንልስ ነበር ብል ማን ያምነኛል? አክስቴ አንድ ቀን እኔንና ወንድሜን ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ምላሳችንን ድንጋይ ላይ እንደለጠፍን ይዛን፣ ሳትቆጣ፣ "ፍየሎቼ እዚህ ናቸው" ብላ ሄደች።

ይህቺ አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘሀራ ትባላለች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ እናት የሞተችብንን እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን እሷ ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች፤ የቤቱን ጠባይ ግን እንደ ሰው ጠባይ ታውቀዋለች። የትኛው ማዕዘን በነፋስ እንደሚያቃስት፣ የትኛው ደረጃ እንግዳ እንደሚያደናቅፍ ትነግረን ነበር። ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ለጣራው ነው። ጣራችን የአፈር ነበር፤ በአግዳሚ እንጨቶች ላይ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ወፍራም አፈር። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አዲስ አፈር ይጨመርበትና ይረገጣል። የዚያን ቀን የመንደሩ ወጣት ሁሉ ከነዘፈኑ ጣራችን ላይ ነው፤ እኛ ሕፃናቱ በመካከላቸው እየተሽሎከለክን እንረግጣለን፤ አቧራው ከታች ለቆመ ሰው ቤቱ የሚጤስ ያስመስለዋል። በማግስቱ የጎረቤት ጣራ ይረገጣል፣ ከዚያ የሌላው፣ እንዲህ እያለ መንደሩ በሙሉ በእግራችን ሥር ያልፋል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ እኔ ቁርአን ቤት መሄድ በጀመርኩ ሰሞን፣ በበልጉ ዝናብ መካከል ከላይ እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ሰማን። ጣራውን ከግድግዳ ግድግዳ የተሸከመው ዋናው አግዳሚ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ጎረቤቶች ሮጠው መጥተው በምሰሶ ደገፉት፤ እኛም ዕቃችንን ይዘን ወደ ምድር ቤት ወረድን። ሽማግሌዎቹ ያዩትን ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ ድጋፉ በልጉን ያሳልፍ ይሆናል፣ ክረምቱን ግን አይችልም፣ ያን የሚያህል እንጨት ደግሞ ቆላው ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል።

አባቴ ያኔ ሮቢት ማሾ ይነግድ ነበር። ወሬውን ሰምቶ መጣና ሐሳቡን በርጋታ ዘረዘረ፤ ቤቱ አርጅቷል፣ መንገዱም ኑሮውም ወደ ሮቢት ሄዷል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ያስፈልጋቸዋል፣ ድንጋዩን የሚፈልግ ሰው ስላለ ቤቱ ይፍረስ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጣራው ልጆቹ ላይ እንዳይወድቅ የፈራ አባት ነበር። እትዬ ዘሀራ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"አንተ ሮቢት ቤት ሥራ፣ ልጆቹንም ውሰድ፣ አልከለክልህም" አለችው። "ይህ ቤት ግን እኔ እያለሁ አይፈርስም።"

"በምን ልታቆሚው ነው? እንጨቱ የታለ?"

አባቴም ክረምት ሳይገባ ድንጋዩን የሚገዛውን ሰው ይዞ እንደሚመለስ ተናግሮ ሄደ። እኔ አክስቴን ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ከአምባው በላይ፣ ወደ አንኮበር በሚያወጣው አቀበት ወገብ ላይ፣ ጋሼ ተክሌ የሚባል ክርስቲያን ገበሬ ይኖር ነበር። በገበያ ቀን ገብስና ባቄላውን ይዞ ሲወርድ አህዮቹን የሚያሳድረው ምድር ቤታችን ውስጥ ነው፤ አባቱም፣ አያቱም እንደዚያው ያደርጉ እንደነበር ሁለቱም ቤተሰብ ያውቃል። በደጃፉ አንድ ግዙፍ ጥድ ነበረው። አባቱ የተከለው ነው፤ ጋሼ ተክሌ ደግሞ ለበኩር ልጁ የጎጆ መውጫ ብሎ ቅርንጫፉን እንኳ አያስነካም ነበር። በገበያ ቀን መጥቶ የተሰነጠቀውን አግዳሚ ሲያይ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ምንም ሳይናገር አህዮቹን ነድቶ ሄደ። አክስቴ የሰውየውን ዝምታ እንደ ሐዘን ቆጠረችው። በሚቀጥለው ገበያ ግን ያለ ጭነት መጣና ከደጃፍ ቆመ።

"እትዬ ዘሀራ፣ ጥዱን ጥለነዋል። የሚሸከም ሰው ይላኩ።"

"የልጅህ ቤት በምን ሊሠራ ነው?" አለች።

"ልጄ ገና ነው፣ ይደርሳል። እርስዎን ግን ክረምቱ አይጠብቅዎትም።"

ጥዱ የሚወርድበት ቀን ረቡዕ ሆነ። ያን ቁልቁለት በቅሎ ራሷ ተጠንቅቃ ነው የምትወርደው፤ መኪና የማይታሰብ ነው። ከአምባው ወንዶቹ ጎህ ሲቀድ ወጡ፣ ከላይ የጋሼ ተክሌ ጎረቤቶች ጠበቋቸው፤ ከግንዱ ሥር ዱላ በአግድም እያስገቡ፣ ከኋላ በጠፍር እየያዙ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ማውረድ ጀመሩ። እኛ ሴት ልጆች በቅል ውሃ ይዘን እስከ መታጠፊያው ወጥተን ስለነበር ሁሉንም አየሁት። የእኛዎቹ "ያ አላህ!" ሲሉ ይገፋሉ፣ የደጋዎቹ "እመቤቴ!" ሲሉ ይገፋሉ፤ ጥሪው ባልገጠመ ቁጥር ግንዱ እየተንገዳገደ ያስደነግጣል። በመጨረሻ ይማም የሚባለው ወፍራም ጎረቤታችን፣ ከጠዋት ጀምሮ ከድምፁ በቀር ምንም ያልተሸከመው፣ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ "ሁላችሁም 'ሆ' በሉ፣ የቀረውን በልባችሁ ጨርሱት!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ እንጨቱ አንድ ልብ እንዳለው ሰው ወረደ። ይማም እስኪሞት ድረስ ጥዱን ያወረድኩት እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ማንም አልተከራከረውም።

አባቴ ድንጋይ ገዢውን ይዞ ከሮቢት የመጣው በዚያው ቀን ነው። ሰልፉ ወደ መንደሩ መግቢያ ሲቃረብ ከመንገዱ ዳር ቆመው አየኋቸው። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ጋሼ ተክሌ ነበር፤ ሸሚዙ ከትከሻው ላይ ተቀዶ ቆዳው ደም አዝሏል። አባቴ ይህን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ከጋሼ ተክሌ ጎን ገብቶ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገባ። ገዢው ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ኋላ እሱም የጠፍሩን ጫፍ ያዘ። ኮቱን በሁለት እጄ አቅፌ ከኋላቸው ስሄድ የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

አክስቴ ምሳውን ያዘጋጀችው በብልሃት ነው። ሥጋ ቢሆን እርዱ ይለያያል፣ ገበታውም ይለያያል፤ ረቡዕ ግን ለደጋዎቹ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ብቻ አሠርታ ሁሉንም በአንድ ገበታ አስቀመጠቻቸው። ከእኛ ወንዶች አንዳንዱ ይህን ያህል ላብ ፈሶ ሥጋ የለም ወይ እያለ ማጉረምረሙ አልቀረም። እሷ ቀኑን ሆን ብላ እንደመረጠችው ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አግዳሚው በማግስቱ ወጣ፤ በሳምንቱ ጣራው ተረገጠ፤ ያን ዓመት ከአቀበቱ የወረዱት ሰዎችም አብረውን ረገጡ። ክረምቱ ብርቱ ነበር። ጎርፍ ከአምባው በታች ብዙ ማሳ ወሰደ፣ የእኛ ደርብ ግን አንድ ጠብታ አላስገባም። ጥዱ እርጥብ ስለነበር ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሽታው ቤቱን ይሞላው ነበር፤ ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ የቁርአን ሰሌዳችን ሁሉ ጥድ ጥድ ይላል። የጋሼ ተክሌ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ደግሞ አባቴና የመንደራችን ወንዶች ወጥተው ቤቱን ከመሠረት እስከ ክዳን አቁመውለት ተመለሱ።

እትዬ ዘሀራ በዚያ አግዳሚ ሥር አርጅታ፣ በዚያው ሥር አረፈች። ጋሼ ተክሌ በከዘራ ወርዶ ለቀብሯ ደረሰ። እኛ ሮቢት ገባን፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ከዚያም አልፈው ሄዱ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ የሩቅ ሰው መጥቶ ፎቶ ሲያነሳው፣ ግንቡን በእጁ ሲለካ፣ ባለቤቶቹ እነማን ናቸው ብሎ ሲጠይቅ፣ የማንንም ስም ሳላስቀር እናገራለሁ።

አምና እኔና ወንድሜ ተመካክረን የቤቱን የአፈር ጣራ ቆርቆሮ አለበስነው። ሌላ ምርጫ አልነበረንም፤ አፈር የሚያወጣም የሚረግጥም ወጣት በመንደሩ የለም፣ በአቀበቱም ያን የሚያህል ጥድ የለም። ሁለት ሠራተኞች ከሮቢት በጭነት መኪና መጡ፣ ጠዋት ጀምረው ከቀትር በፊት ጨረሱ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። ምሳ ሠርቼ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስለሚጠብቃቸው አመስግነው ሄዱ። ወንድሜና እኔ ትልቁን ገበታ ለሁለት ቀርበን በላን።