ዱካሽን አጥፊ

ከልደታ የወጣሁት ማለዳ ነው። የማርያም ድምፅ ማጉያ ገና ኪዳን እያሰማ፣ እናቴም ላለማልቀስ ብላ እኔን እየተቆጣች። ሻንጣ አንድ፣ ራኬት ሁለት። የሞያሌው አውቶቡስ እስኪነሳ ጊዜ ስለነበረኝ አሠልጣኜን ጋሽ ታደለን ልሰናበት ወደ ሰንጋ ተራ ታጠፍኩ። የቴኒስ ሜዳ እንበለው እንጂ በኮንዶሚኒየሞች መሃል የተረሳ ቀይ አፈር ነው። ጋሽ ታደለ በጎማ ውሃ ያጠጡት ነበር።

"ሄድኩ እንግዲህ ጋሼ" አልኳቸው።

"ሂጂ። ስምሽ ዋናው ውድድር ላይ ሳይወጣ ግን እንዳትደውይልኝ። ወሬ አልፈልግም።"

ምርቃት የጠበቅኩት እኔ ሞኟ! ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ጮሁ። "አንቺ! ዱካሽን አጥፊ!"

ሻንጣዬን እንደተሸከምኩ ተመልሼ እርጥቡ አፈር ላይ የተውኩትን የጫማ ምልክት በእግሬ አስተካከልኩ። እሳቸው ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው። ኳስ አርፋ የተወችውን ምልክት ወዲያው በጫማችን እናጠፋለን። "የጨዋ ልጅ ምልክት አይተውም። ምልክት የሚተው ጠብ ፈላጊ ነው" ይሉናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠፋሁ።

"ናይሮቢ ደግሞ ውጭ ነው እንዴ?" የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ኑና እዩት! ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው የቀረበልኝ ቀን ገንፎ መስሎኝ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬው እስኪመጣ ጠበቅኩ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ፣ አልመጣም። ብርዱ የእኛኑ ሐምሌ ይመስላል። ሰዉ "ፖሌ" ይለኛል፣ አይዞሽ እንደማለት። ይለኝና መንገዱን ይቀጥላል።

አከራዬ ማማ ንጄሪ ደግሞ በር ላይ ይጠብቁኛል።

"ያ ቀይ አፈርሽ የሻወሬን ቱቦ ደፈነው። ቤት ልትሠሪበት ነው?"

"መሬቱን ከሰጡኝ እሠራለሁ እማማ።"

የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ይብሳል። ፓስፖርቴን ገልጦ፣ "ኢትዮጵያዊት ነሽ፣ ታዲያ ለምን አትሮጪም?" አለኝ።

"ቴኒስ ተጫዋች ነኝ።"

"ሯጭ ብትሆኚ የሥራ ፈቃዱን አሁኑኑ እፈርምልሽ ነበር።"

"ኳሷን ተከትዬ እሮጣለሁ እኮ ጌታዬ።"

"እሱ አይቆጠርም" አለና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

እስከዚያው አንድ ክለብ ውስጥ የቀይ አፈር ሜዳ እየጠረግኩ፣ ባዶ ሲሆን እየተለማመድኩ ኖርኩ። ወንዶችም ሴቶችም የሚወዳደሩበት ፕሮፌሽናል ውድድር እዚያው ክለብ ሊደረግ ሲል የክለቡ ጸሐፊ ጠራኝ። "ማጣሪያውን አልፈሽ ዋናው ውድድር ከገባሽ አሠልጣኝ አድርጌ እቀጥርሻለሁ፣ የሥራ ፈቃድም እጠይቅልሻለሁ። ካልገባሽ መጥረጊያሽን አትልቀቂ።"

ሁለት ግጥሚያ አሸነፍኩ። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው፣ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረችኝ። ባላጋራዬ በኃይል የመታቻት ኳስ ከኋላ መስመሬ ሁለት ጣት ያህል አልፋ አረፈች። በዓይኔ በብረቱ አየኋት። አለቀ! ፈቃዱ በእጄ ገባ! እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ፣ እግሬ ደግሞ እንደ ልማዱ ምልክቱን ጥርግ አደረገው።

ዳኛው ከወንበሩ ወረደ። "ወጣች አላልኩም። ምልክቱን አሳዪኝ።"

"አጠፋሁት።"

"ለምን?"

ምን ልበለው? ጨዋ ስለሆንኩ ነው ልበል?

"ምልክት ያጠፋ ኳሷ ገብታለች ብሎ አምኗል። ነጥቡ የእሷ ነው።"

ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ ተቀጣሁ። ከዚያ በኋላ የመታኋት ኳስ ሁሉ መረብ ላይ ቀረች። ስሸነፍ ጸሐፊው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ "መጥረግ ለምዳ ነው" ሲል ሰማሁት። የዚያን ሰው ሳቅ እስከምሞት አልረሳውም።

ከሜዳው ሳልወጣ ለጋሽ ታደለ ደወልኩ።

"ስምሽ ወጣ?" አሉ፣ ሰላምታ እንኳ የለም።

"አልወጣም! እንድሸነፍ ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት!" የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሲሰሙኝ የከተማው ባቡር በአጠገባቸው ሲያልፍ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

"ወይኒ" አሉ በመጨረሻ። በቁልምጫ ጠርተውኝ አያውቁም። "ጨዋነት ምናምን ያልኳችሁ… አፈሩን የሚያስተካክል የሜዳ መጥረጊያ ስላልነበረን ነው። ግዙልኝ ብዬ ብለምን ማን ሰምቶኝ? ሃያ ልጅ የቆፈረውን ሜዳ ብቻዬን ላስተካክል ብል ወገቤ እንቢ አለ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"አፈርኩ።"

ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። አሥራ አንድ ዓመት የኮራሁበት ጨዋነት የመጥረጊያ እጦት ሆኖ አረፈው! ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም ስልኩን እያየሁ እቀመጣለሁ። ይቅር አላልኳቸውም፣ የምልም አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ክለቡ አዳዲስ መጥረጊያ ሲያስገባ ከአሮጌዎቹ ደህናውን፣ ባለ ረጅም እጀታውን፣ ለምኜ ወሰድኩ። ወደ ሞያሌ የሚሄድ አውቶቡስ ጋ ይዤው ሄድኩና የአገሬ ልጅ የሆነውን ረዳቱን አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ የሚያደርስልኝ ሰው ፈልግልኝ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ምነው እህቴ፣ አገራችን መጥረጊያ ጠፋ እንዴ?"

"አዎ" አልኩት። "ጠፋ።"