በመሳቢያዬ የነበረው ማህተም

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አነስተኛ የከብት መኖ መሸጫ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ፉርሽካና ፋጉሎ ጭኖ ለሚወጣ መኪና ሁሉ መሸኛ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የድርጅቱ ማህተምም የሚቀመጠው በእኔ መሳቢያ ነው። ከሰላ ድንጋይና ከደነባ የሚመጡ ደንበኞች ስሜን ስለማያውቁ «ማህተሟ» ይሉኝ ነበር። አንገቴን እደፋለሁ እንጂ አልጠላውም።

ያስገባኝ ደላላ ነው። እዚያ ያለነው ሁሉ የገባነው በእሱ በኩል ነው። በሒሳብ አያያዝ መመረቄ ለውጥ አላመጣም፤ እንደ ጫኝና አውራጆቹ የእኔም ስም ያለው በደላላው ደብተር እንጂ በድርጅቱ መዝገብ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት፣ ቤተሰቦቼ በሚኖሩበት አንኮበር፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ፈለገ። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ማስረጃውን ራሴ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ሰኞ ጠዋት ለድርጅቱ ባለቤት አቀረብኩ።

«ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ።»

አንብበው መለሱልኝ። «ልጄ፣ እዚህ ላይ ከፈረምኩ ሠራተኛዬ ነበርሽ ማለት እኮ ነው። ነገ ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድ የሚል ይመጣብኛል። ያመጣሽ ሰውዬ ይጻፍልሽ።»

ሠራተኛቸው ካልነበርኩ ምናቸው ነበርኩ? ይህን መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ «እሺ» ነው።

ደላላውን መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እኔ ማህተም ቢኖረኝ ደላላ እሆን ነበር?»

ሐሙስ፣ ጋሼ ለምሳ ሲወጡ፣ ማህተሙን አወጣሁት። ማስረጃው ፊቴ ተዘርግቷል። አንድ ኩንታል ፉርሽካ እንኳ ከየት እንደወጣ የሚመሰክርለት ወረቀት አለው፤ እኔ የለኝም። ግን በእሳቸው ስም ልፈርም? የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ፊርማው ብቻ ውሸት ሊሆን ነው። ማህተሙን መልሼ ቆለፍኩበት።

ዓርብ ምዝገባው አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት የመሳቢያውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምነው? መኪና ቆሞ እየጠበቀ!»

«ሠራተኛዬ አይደለሽም ብለውኛል፣ ጋሼ።» ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ሰምተውኛል ግን። በሩ ላይ የነበረው ጫኝ ጆንያውን እንደተሸከመ «እንዴ፣ ማህተሟም ትናገራለች!» አለ።

ማክሰኞ ደላላው ደወለልኝ። «ሰውዬሽ ምትክ ፈልግልኝ ብሏል። ልምድ ያላት ትሁን ይላል። የምታውቂያት አለች?»

«ማስረጃ ይዛ ትምጣ ብለዋል?»

«ኧረ ምን ማስረጃ! ሥራውን ትቻለው እንጂ።»

«አንዲት አውቃለሁ» አልኩት። «ሥራውን ከሁለት ዓመት በላይ ሠርታዋለች። እሳቸው ግን አያውቋትም።»