ወንድሜን ከቅሬ ያስወጣው ተራራ

ቢስሚላህ ብዬ ከሻርጃ ተነሳሁ። ለአሠሪዬ «እናቴን ልጠይቅ ነው» አልኳት፤ ውሸት አይደለም፣ ሙሉውም አይደለም። እናቴ በስልክ «ሰይድን ከቅሬ አስወጡት፤ እኔስ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ወንድሜ ጥፋቱ ላሙን ወደ ተከለለው ተራራ ማስገባቱ ነው። የሄድኩት ላስታርቀው ነው።

ስለ ተራራው አስቀድሜ ልንገራችሁ። በየክረምቱ ጎርፍ የአምባሰልን አፈር ጠርጎ ወደ አፋር በረሃ ይወስድ ነበር። የላይኛውና የታችኛው ጎጥ ሰዎች ተስማምተው ተራራውን ከከብት ከለሉ፤ እርከንና ጎርፍ የሚያግድ የድንጋይ ክትር ሠሩ። ሣሩን በተፈቀደው ሦስት ቀን በማጭድ አጭዶ መሸከም እንጂ ከብት ማስገባት የለም። ታችኞቹ ተራራው ከተከለለ ወዲህ በጎለበተው ምንጭ ውሃ አትክልት ያለማሉ፣ ለላይኞቹ ጭድ ይሰጣሉ። እኛ ዐረብ አገር ያለን ልጆች ደግሞ ሽቦና ችግኝ ገዝተን ላክን። ሕጉን የሚያስከብረው ቅሬው ነው። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ እኛ ዘንድ ሬሳ ከመቅበርም ያልፋል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ከጎረቤት እሳት አይጭርም፣ ከጋራ ምንጭ አይቀዳም፣ ለለቅሶው የሚደርስለት የለም።

ቅዳሜ፣ ከደሴ ወደ ላይ

ከደሴ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ ቆመ፤ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሐይቁ ያው ነው። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር የሚሄዱት። ሲወርዱ «ለኔም ዱአ አድርጊልኝ» አሉኝ፤ እኔም «እርስዎም ለወንድሜ ይጸልዩልኝ» አልኳቸው።

ውጫሌ ገበያ ቀን ነበር። ባጃጅ እስከ መንገዱ ማለቂያ ሁለት መቶ ብር ተባልኩ።

«እታለም፣ ሻንጣሽ ከባጃጄ ይከብዳል» አለ ባለባጃጁ። «ዱባይን ነቅለሽ መጣሽ እንዴ?»

«ሻርጃ ነው። ልብስ ነው የያዝኩት።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኩት። ቀልዱን ተወ። «ዘሀራ ነሻ! የሰይድ እህት። ድምፅሽን እኮ አገር ያውቀዋል» አለኝ። ነገሩ አልገባኝም፤ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ከዚያ በእግር ነው። እጥፋቱን ስዞር ተራራው ብቅ አለ፤ ማሻአላህ አልኩ። ልጅ ሆኜ ድንጋዩ ብቻ አግጦ የማውቀው ገደል፣ ታጭዶም እንኳ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ከየክትሩ ጀርባ ጥቁር አፈር ተኝቷል፣ ወደ በረሃ የማይሄድ አፈር። አለቀስኩ። ደስታዬ እስከ ወንድሜ ደጅ ድረስ ነበር።

ሰይድ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ቀኝ እጁ ከአንጓው ጠሟል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ድንጋይ። ለክትሩ ስንሸከም ተንከባሎብኝ ነው።»

«እንዴት ሳትነግረኝ?»

«አንቺ ስትደውዪ የምትጠይቂው ስለ ተራራው ነዋ።»

በዚህ እጁ ማጭድ አይጨብጥም። ሚስቱ አራስ ነበረች። ሦስቱን ቀን ሰው ሁሉ የየድርሻውን ሲያጭድ የሰይድ ድርሻ ቆሞ ቀረ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ላሚቱ ከረሃብ የተነሳ መነሳት ሲያቅታት፣ ደግፎ አስነስቶ ወደ ራሱ ድርሻ ነዳት። የራሱን ሣር ነው ያበላት። ግን በከብት አፍ።

ሰኞ፣ ሾላው ሥር

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለቱም ጎጦች ተሰበሰቡ። የቅሬው ዳኛ ሸህ ይማም ናቸው፤ የአባቴን ሬሳ ያጠቡት እሳቸው ናቸው። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተናገርኩ። ዑዝር አለው፣ አቅቶት ነው፣ እጁን ያጣው ለእናንተው ክትር ነው፣ እዘኑለት አልኩ።

ሸሁ ከኪሳቸው ስልክ አወጡ። «አብሽሪ ልጄ። እኛማ አዝነን ነበር። ግን ለሁለቱም ጎጥ ያሰማነው ይቺን ነው» አሉና ነኩት።

የራሴ ድምፅ ወጣ። ተራራው ሲከለል ከሻርጃ የላክሁት ነው፤ «ለአንድ ሰው ከለቀቃችሁ ተራራው አለቀ። ማንንም እንዳትምሩ፣ ወንድሜም ቢሆን!» ስጨርስ እስቃለሁ። ሳቄም ተሰማ።

«እንግዲህ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አሁንም አንቺ በይ» አሉ ሸሁ። «ይማሩት ካልሽ እንምረው። ነገ የአያ ሙሄ በሬ ይገባል፣ ከነገ ወዲያ የሁላችን። እዚሁ በሰው ፊት በይው።»

ከኋላ አንዲት የታች ጎጥ ሴት «እታለም፣ አደራሽን! ውሃችንን» አለች። ያዘለችው ሕፃን የሰይድን አራስ ልጅ ያህላል። አፌን ከፈትኩ። ይማሩት ማለት አቃተኝ። ያወጣሁት «እናቴን ብቻ፣ እናቴን ቅበሩልኝ» የሚል ነበር። ያንን ወዲያው ፈቀዱ። የሰይድ ነገር እስከሚቀጥለው አጨዳ ይቆይ ተባለ።

ቤት ስገባ ለእናቴ አበሰርኳት። እናቴ ሰማችኝና «እኔስ ተቀበርኩ። እሱን ማን ያኑረው?» አለች።

መልስ

ሰይድ በደህና እጁ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ምንጩ ጋ ስንደርስ እሱ ራቅ ብሎ ቆመ። «ጠጪ፣ ጣፍጧል» አለኝ። ጠጣሁ። እውነትም ይጣፍጣል። አስተግፊሩላህ፣ እሱ የማይቀዳውን ውሃ ነው የጠጣሁት።

ሻርጃ በገባሁ በጁምዓው ሽቦና ችግኙን አብረን የላክን ማኅበርተኞቼ ተሰብስበው የተራራውን ፎቶ አዩ። «ማሻአላህ! በረሃውን ገነት አደረግነው እኮ!» ተባባሉ። አንዷ ስልኳን ሰጠችኝ፤ «ዘሀራ፣ አንቺ ትችያለሽ፣ በርቱ ብለሽ ድምፅ ላኪላቸው።»

አውራ ጣቴን መቅጃው ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ አነሳሁት። ተራራው በመከለሉ ዛሬም አልጸጸትም። ማጭድ የማልጨብጥ ሰው ሆኜ ከባሕር ማዶ በሳቅ ሕግ በማውጣቴ ግን አላህ ይቅር ይበለኝ። ስልኩን መለስኩላትና በራሴ ስልክ ደወልኩ።

«ሰይዴ» አልኩት። «እጅህ እንዴት ነው?»