ኤመሪ ፔተንጊል ድምፁን ካጣ በኋላ

ኤመሪ ፔተንጊልን የተዋወቅኩት ወገቡን ስለካ ነው። ዘመኑ በፈረንጆች 1937 ነበር። ሆሊውድ ውስጥ ካሉት መለስተኛ ስቱዲዮዎች በአንዱ፣ በልብስ ክፍሉ ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እሱ የሬሳ ሣጥን ሻጭ ሆኖ ሊሠራ መጥቷል፤ እኔ ጥቁር ሱሪውን ላስተካክል ተንበርክኬአለሁ።

«ሰፋ አድርጊው፣ እህቴ» አለኝ።

«ለምን? ልክዎ እኮ ነው።»

«ልክ መሆኑ ነው ችግሩ። በዚያ መንደር ዓመቱን ሙሉ ሰው አልሞተም። ሣጥን ሻጩ ከስቷል።»

የተሰጠውን ጽሑፍ አይቼው ነበር። «ያለዎት እኮ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ሚስተር ፔተንጊል።»

«ሁለቱንም የምናገረው ግን ሱሪ ለብሼ ነው።»

አሰፋሁለት። ፊልሙ የታየ ዕለት፣ ገና ከበሩ ብቅ ብሎ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርግ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ «አንተ»፣ «አንቺ» ተባባልን፤ እኔም ቲሊ ሆንኩለት።

የኔብራስካ ልጅ ነው። አባቱ የከብት ሐራጅ ጠሪ ነበሩ፤ ኤመሪም ድምፁን የወረሰው ከሳቸው ነው። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! ደረቅ የበቆሎ አገዳ በነፋስ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ግን ከመጨረሻው ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ይደርሳል። በወጣትነቱ ከድንኳን ቲያትር ጋር አገር ላገር ዞሯል። ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር ሲጀምር ሆሊውዶች እንዲህ ያለ ጉሮሮ ፈለጉና መጣ። የሆቴል ጸሐፊ፣ የባቡር ትኬት ሻጭ፣ ቁጡ ዳኛ፣ ሰካራም ሐኪም ሆኖ ይሠራል። በአንድ ዓመት አሥራ አራት ፊልም የሠራበት ጊዜ ነበር። መሪ ተዋናይ ግን ሆኖ አያውቅም፤ ስሙም ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ወደ ታች ነው።

ፊቱን አገር ያውቀዋል፣ ስሙን ማንም አያውቀውም። አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላዋን እየወዘወዘች መጣችበት።

«አንተ! የእህቴን ደህና ጥርስ የነቀልከው አንተ አይደለህም?»

ኤመሪ ባርኔጣውን አነሳ። «በጣም አዝናለሁ፣ እመቤቴ። የትኛው ጥርስ ነበር?»

«የላይኛው!»

«ይቅርታዬን ያድርሱልኝ።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሴትዮዋ እስክትረጋጋ ድረስ የጥርሱን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ጠየቃት።

በ1948 መከር ላይ ድምፁ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ድካም። በመጨረሻ ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ ክፉ እባጭ አገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ድምፁ ግን አልተረፈም። የቀረው ሹክሹክታ ነበር፣ እሱንም ለመስማት ጆሮን ወደ አፉ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ለተዋንያን ሥራ የሚያከፋፍለው ሚስተር ሊፕስኮም ቢሮው ጠራው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም አሉ።

«ኤመሪ፣ ሰው የሚመጣው ያንን ድምፅ ሊሰማ ነበር። ምን ላድርግህ?»

ኤመሪ እጁን ጨብጦት ወጣ። በሳምንቱ በግሌንዴል አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ምስማርና ማጠፊያ ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ። ሚስቱ ኮራ ፒያኖ ታስተምር ስለነበር ኑሯቸው ጨርሶ አልተናጋም። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ከቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ ከካርታ ጨዋታም ቀረ። ደንበኞች «አንድ የፊልም ተዋናይ ትመስላለህ» ሲሉት «ይሉኛል» ብሎ ያንሾካሹክና ምስማሩን መመዘኑን ይቀጥላል።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ የችሎት ፊልም መጣና ክርክሩን ሰምተው ለሚፈርዱ አሥራ ሁለት የሕዝብ ዳኞች ልብስ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ዝርዝሩን ሳይ አሥራ ሁለቱም አንዲት ቃል አይናገሩም። የመጀመሪያው ሐሳቤ ኤመሪ ነበር። ሊፕስኮምን ጠይቄ «እሺ፣ ይምጣ» አስባልኩና እሑድ እቤታቸው ሄድኩ። ኮራ ድንች ሰላጣ አቀረበችልን።

ነገሩን ስነግረው ፊቱ ቀላ። «አድማቂ ልሁን?» አለ በዚያ ትንፋሹ። «ሃያ ዓመት ስሜ ተጽፎ ኖሬ፣ አሁን ከኋላ የሚቀመጥ ጭንቅላት ልሁን?»

«ስምህን ማን አንብቦት ያውቃል?» አለችው ኮራ፣ ሰላጣውን እየጨመረችለት።

«አንቺ።»

«እኔ አሁንም አነበዋለሁ፣ ደብዳቤ ሳጥኑ ላይ አለ። ኤመሪ፣ የእኔ ጌታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከምስማር ጋር ስትኮራረፍ አየሁህ። እስቲ ከሰው ጋር ሄደህ ተቀመጥ።»

ሰኞ ጠዋት መጣ። ቡናማ ኮት አለበስኩትና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከመስኮቱ በኩል ተቀመጠ።

የፊልሙ መሪ ተዋናይ ኔድራ ኮል የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። ጎተራ አቃጥላለች ተብላ የተከሰሰች የገበሬ ሚስት ሆና፣ ምስክር ወንበር ላይ አራት ደቂቃ ሙሉ ያለ እረፍት መናገር አለባት። ዳይሬክተሩ ብራኒገን ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ዘጠኝ ጊዜ ተቀረጸ፣ ዘጠኝ ጊዜ መሐል ላይ ቃሉ ጠፋባት። የመብራት ሠራተኞቹ ማዛጋት ጀመሩ።

በአሥረኛው ግን ቀና ብላ ጀመረችና እስከ መጨረሻው ወረደችው። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ሁለቱም ጊዜ በቦታው።

«ቁረጥ!» ብራኒገን ከወንበሩ ተነሣ። «ግሩም ነበር፤ ግን ወዴት ነው የምታዪው? ጠበቃው እኮ እዚህ ነው!»

«ያንን ሰውዬ ነው የማየው» አለች ኔድራ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉትን። እየሰሙኝ ነው።»

«ሁሉም እየሰሙሽ ነው፤ የመጡት ለዚያ ነው!»

«የለም፣ ሌሎቹ ምሳ እየጠበቁ ነው።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ከዳኞቹም አንዳንዶቹ አፍረው አቀረቀሩ። ብራኒገን አልሳቀም። ወደ ኤመሪ ሄዶ ከፊቱ ቆመና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ካሜራውን አዙሩልኝ አለ፤ ልጅቷ ንግግሯን ስትደግም የሰውዬው ፊት ብቻ እንዲቀረጽ።

«ምን ላድርግ?» ሲል ኤመሪ አንሾካሸከ።

«ቅድም ያደረግከውን።»

«ምንም አላደረግኩም እኮ።»

«እሱኑ አድርግልኝ።»

ከካሜራው ጀርባ ቆሜ አየሁት። ዓይኑ እንባ አላቀረረም፣ ቅንድቡም አልተነሣም። ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ልጅቷ የምትለው ነገር በሕይወቱ የሚያስፈልገው ይመስል ይሰማታል። የምትዋሽ የምትመስልበት አንድ ቦታ ነበረ፤ እዚያ ጋ ስትደርስ ያዘነላት መሰለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ የእንቁላል ሳንድዊቻችንን ይዘን ጥላ ሥር ተቀመጥን። «ይህን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ድሮ ሰው ሲያወራ የምጠብቀው የራሴን ተራ ነበር፣ ቲሊ። ቤትም፣ መድረክም፣ ካሜራ ፊትም። አሁን ተራ የለኝም። ሌላ ምን ልሥራ? መስማት ጀመርኩ።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። «መደብሩ ውስጥ እኮ የሰውን ጉድ ብታዪው! ማጠፊያ ሊገዙ ይመጡና ስለ ልጃቸው ነግረውኝ ይሄዳሉ።»

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ፓሳዲና ውስጥ ለተመልካች ተሞከረ። ሕዝቡ አስተያየት በሚጽፍበት ካርድ ላይ «ሽማግሌው ዳኛ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በዛ። በማግስቱ ሊፕስኮም ደወለ፤ ስልኩን ያነሣችው ኮራ ነበረች።

«ኤመሪን ፈልጌ ነበር።»

«ኤመሪ በስልክ አያወራም፣ ሚስተር ሊፕስኮም። ረስተውት ነው?»

«አልረሳሁም። ወደ ሥራው እንደሚመለስ ይንገሩልኝ። ስሙም ይጻፋል።»

«እኔን እኮ ነው ደስ የሚለኝ» አለችው ኮራ፣ «የማነበው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ቡና ቤት አሳላፊ፣ ኑዛዜ ተቀባይ ቄስ፣ ልጁን ጦር ሜዳ የሚሸኝ አባት፣ ከወንጀለኛው ጋር አንድ ክፍል የታሰረ ሽማግሌ ሆነ፤ በኋላም በየሳምንቱ የሚታይ የቴሌቪዥን ከብት አርቢ። ደራሲዎች ቃል ሲጽፉለት እርሳሱን አውጥቶ ራሱ ይሰርዘዋል። ኔድራ ኮል ትልቅ ኮከብ ከሆነች በኋላም ከባድ ንግግር ያለባት ቀን «ሚስተር ፔተንጊል ይኖራሉ?» ብላ አስቀድማ ታስጠይቃለች። ሥራ ባይኖረውም ይመጣና ካሜራው በማያየው ቦታ ይቀመጥላታል።

ድምፁ አይናፍቀውም ነበር ብል እዋሻለሁ። አንድ ጊዜ ለፈረስና ጠመንጃ ፊልም ከብት ሲነዳ ስንቀርጽ ውለን፣ ሰው የሌለ መስሎት ከአጥሩ ጥግ ቆሞ የአባቱን የሐራጅ ጥሪ ሲሞክር አየሁት። ከአፉ የወጣው አየር ብቻ ነው። ከብቶቹ ግን ዞር ብለው አዩት። እሱም ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አላቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ማየቴን እስካሁን አልነገርኩትም።

ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ፊልም መሥራት አቁሟል፤ የኮራ ዓይን ስለደከመ ጋዜጣ የሚያነብላት እሱ ነው። ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ እሱ ጆሮዋ ሥር እያንሾካሾከ፣ እሷ ፖለቲከኞቹን እየሰደበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ትወና ለሚማሩ ወጣቶች ይቀመጥላቸዋል። የጭነት መኪና ነጂ አለ፣ ሲናገር የሚንተባተብ፤ ሁለት አስተናጋጆች አሉ፤ አንዲት ነርስ አለች። ኤመሪ ትምህርት የሚባል አይሰጥም። ከፊታቸው ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ለእኔ ንገረኝ» ይላቸዋል።

ነጂው ባለፈው ሳምንት ንግግሩን አንድ ጊዜ ብቻ ተደናቅፎ ጨረሰው። ቀጥሎ ነርሷ ተነሣች። አዳራሹ ሊያዳምጥ በመጣ ሰው ሞልቶ ወንበር ስላነሰ፣ እኔ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳት።