በየአስር ደቂቃው አራት

ሰፈሩ «መርማሪው» ይለዋል። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሊሠራ በገባበት ቤት ሁሉ ገና መፍቻውን ሳያወጣ «ማን ነካክቶት ነበር?» ብሎ ባለቤቱን ያፋጥጣል፤ ሰውየው ምሎ ቢገዘትም አያምነውም።

ታላቅ እህቱ መድኃኒት ቤት አላት። የእናታቸው ኢንሱሊንም የሚወሰደው ከዚያው ፍሪጅ ነው፤ በረዶ ከያዘው ወይም ከሞቀ ደግሞ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ሠራላት። መሣሪያዋ በየአስር ደቂቃው ቅዝቃዜውን ለክታ በኢንተርኔት ወደ ክላውድ፣ ማለትም ሩቅ ወዳለ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ትልካለች። እዚያ ያለው ትንሽ ፕሮግራም መልእክት ሲመጣ ብቻ ይነቃል፤ ቁጥሩ ከሁለት ካነሰ ወይም ከስምንት ካለፈ የእህቱን ስልክ ያስጮኸዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። የሚገዛም የሚጠበቅም ሰርቨር የለም።

ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለው። «በዚያው ተኝቶ ቢቀርስ?» ክላውዱን ሊፈትን ላፕቶፑ ላይ መሣሪያዋን መስሎ ቁጥር የሚልክ ፕሮግራም ጻፈ። በእውነተኛዋ ስም ሃያ ሲልክ ስልኩ ጮኸ፤ ዜሮ ሲልክም ጮኸ፤ አራት ሲልክ ዝም አለ። ሦስት ቀን እንዲህ ሲያፋጥጠው ከረመና በመጨረሻ እውነተኛዋን ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠ።

«በየጠዋቱ ቴርሞሜትር ማየቱን ተይው በቃ» አላት እህቱን።

ብዙም ሳይቆይ የእናታቸው ስኳር አልወርድ አለ። መርማሪው ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ተደብቃ ጣፋጭ እየበላች ነው! የስኳሩን ዕቃ ቆለፈባት፤ ትራሷን ሳይቀር ፈተሸ።

«አንተ ትሙት፣ አልቀመስኩም!»

«እሱን ለሌላ ንገሪ፣ እማዬ።»

ሐሙስ ዕለት መድኃኒት ቤት ገብቶ የእህቱን ስልክ ከፈተ። አራት። አራት። አራት። በሩ ቀኑን ሙሉ እየተከፈተ ሳምንቱን ሙሉ ቅዝቃዜው ንቅንቅ የማይል ፍሪጅ በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

«ይሄ ክላውድ እያሾፈብን ነው» ብሎ ፍሪጁን ከፈተ። የኢንሱሊኑ ካርቶን በረዶ ለብሷል።

ያኔ ከፈተናው ወዲህ ቤት ሳይዘጋው የተወው ላፕቶፕ ትዝ አለውና ክው አለ። ክላውዱ በአንድ ስም ሁለት መሣሪያ አያስገባም። እውነተኛዋ በገባች ቁጥር ላፕቶፑ እየተመለሰ ያስወጣታል፤ አራትም ይልካል። ሁሉን ሲጠረጥር የራሱን እጅ አልጠረጠረም።

እህቱ ካርቶኑን ከፍሪጁ አወጣችው። «ለደንበኞቹ እኔ እደውላለሁ» አለችው። «ለእማዬ ግን አንተው ንገራት።»

በሀፍረት ተሸማቆ ደወለ። አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደመችው።

«ዛሬም አልቀመስኩም፣ ልጄ። ከፈለግህ መጥተህ ፈትሽ።»