ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ ጎጆ

ዊልስደን ዋናው መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ቤት እያፈረሱ ነው። ትናንት ዝናቡ የጡቡን ብናኝ አርሶት ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የያዝኩትን ፌስታል መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። እርጥብ ጡብ፣ ዝገት፣ ትንሽም የሻገተ እንጨት። ያ ሽታ ክላፋም አጠገብ ወደነበረ አንድ የተዘጋ ፋብሪካ ግቢ መለሰኝ። ንዴቴም አብሮ መጣ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ ያልበረደ ንዴት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ላንቺ ነግሬሽ ስለማላውቅ አሁን ልንገርሽ፣ ልጄ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ አንቺ ደግሞ በሆዴ ሦስት ወርሽ። ቢሮ አጸዳ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ፤ ሰኔ ስለነበር ፀሐይዋ ከኔ ቀድማ ገብታ ወለሉ ላይ ትጠብቀኛለች። የቢሮው ማዕድ ቤት መስኮት የሚያየው የተዘጋውን ፋብሪካ ግቢ ነው። የተቆለለ ብረት፣ የተሰባበረ ጡብ፣ በመሃሉ የበቀለ አረም፣ ከላይ ደግሞ ረጅም የጭስ ማውጫ።

እዚያ ጭስ ማውጫ ላይ ድንቢጥ የሚያክል አንድ ወንድ ወፍ ይዘምር ነበር። ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፤ ጅራቱ ግን እንደ ፍም ቀይ ነው፤ አንድ ደቂቃ አያርፍም፣ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ አንድ ሰው ጠጠር በእፍኙ ይዞ የሚያሸው ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ሴቷ አመድማ ናት። ሣር በአፏ ይዛ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባለው የግቢው ግድግዳ ቀዳዳ ስትገባ አየኋት።

ከግቢው ማዶ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ። ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ስለ አየሩ ሁለት ቃል እንለዋወጣለን። ከዚያ ሕንፃ አካባቢ በስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን፣ “ቀይ ጅራት ያለው ወፍ ምን ይባላል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

“ደግመሽ ንገሪኝ” አሉኝ። ነገርኳቸው። ወስጄም አሳየኋቸው። ባይኖኩላሩን ሲያወርዱ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

“በዚህ አገር ጎጆው እምብዛም አይገኝም። ለማን ነገርሽ?”

“ለማንም።”

“እንዳትነግሪ። ለባልሽም ቢሆን።”

ከዚያ ሕጋቸውን አስረዱኝ። ወፍ የሚያዩ ሰዎች ወገባቸው ላይ ፔጀር የሚባል ትንሽ ጥቁር ሳጥን ያንጠለጥላሉ። አንዱ የማይገኝ ወፍ ሲያይ ይደውላል፣ ሳጥኑ በያለበት ይጮኻል፣ ሥራውን ጥሎ ባቡር የሚሳፈር አለ። መንገደኛ ወፍ ከሆነ ለሁሉም ይነገራል። እንቁላል የታቀፈች ወፍ ግን አትነገርም። እንቁላል የሚሰርቁ አሉ፤ ሌባ ባይመጣም ሰው ሲበዛ እናቲቱ ደንግጣ እንቁላሉን ትተዋለች።

አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ብሆንም ይህን ሁለቴ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ከአንቺ በፊት አንድ ጽንስ ነበረኝ። በሁለተኛ ወሩ አባትሽ ደስታውን አልቻለውም፤ ብሪክስተን ላለ ሐበሻ ሁሉ ነገረ። እንኳን ደስ አላችሁ የሚለው ስልክ ሳያባራ ጽንሱ ወረደብኝ። ዓይን ነው አልልም፤ ሐኪሟም አንቺ ባደረግሽው ነገር አይደለም ብላኛለች። አንቺ ስትመጪ ግን አፌን ዘጋሁ። ሁሉን ነገር ስልክሽ ላይ ለምን ታወጪዋለሽ ስልሽ ትስቂያለሽ። ሳቂ።

ሁለት ምስጢር ይዤ ሁለት ሳምንት ኖርኩ። ጠዋት ገብቼ መጀመሪያ የማደርገው ወደ መስኮቱ መሄድ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ምንቃሯ ይታያል። “አለች” እላለሁ። ከዚያ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ “አለሽ።”

ቅዳሜ ምንጣፍ የማጥብበት ቀን ነበር። ብርድ ነው፣ ያካፋል። ከአውቶቡስ ስወርድ አጥሩ ጥግ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው ተሰልፏል። ቴሌስኮፕ በሦስት እግሩ ቆሟል። ግማሾቹ በተቀደደው አጥር ሾልከው ግቢው ውስጥ ገብተዋል። ወገባቸው ላይ ያ ሳጥን ጢጥ ጢጥ ይላል። የቢሮው ዘበኛ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ንግሥቲቱ ልትጎበኘን ነው እንዴ?” እያለ ይስቃል።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። እናቲቱ ለመብል ወጥታ መመለስ አቅቷታል። ብረቱ ላይ ታርፋለች፣ ጅራቷ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ቀዳዳው ትበራለች፣ ከሰው ፊት ስትደርስ ትመለሳለች። በተነሳች ቁጥር ካሜራው ይንጫጫል። ሽርጤን እንደለበስኩ ወረድኩ።

“ፕሊዝ! ጎ ሆም!” ብዬ ጮኽኩ። ይቺን ቃል አጥርቼ አውቃታለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ጊዜ ተብያለሁ።

አንዱ ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። “ምንም አንነካም፣ የኔ ቆንጆ። እያየን ብቻ ነው።”

“ማየታችሁ እኮ ነው!” አልኩት በአማርኛ። እንግሊዝኛው ከየት ይምጣልኝ?

“ምን አለች?” አለችው ጎኑ ያለችው ሴት።

“እንጃ። ጽዳቷ ነች።”

ተመልሰው በቴሌስኮፓቸው ጎነበሱ። ሰው አጠገባቸው ቆሞ እየለመናቸው፣ እነሱ ሩቅ ማያ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ምንጣፉን ሳላጥብ እስከ እኩለ ቀን መስኮቱ ጋ ቆምኩ። መጨረሻ ላይ እናቲቱ በጣራው በላይ በረረች። አልተመለሰችም።

ሰኞ ማለዳ በርጩማ ይዤ ወረድኩና ክንዴን በቀዳዳው ሰደድኩ። አምስት እንቁላል። ነጭ፣ ቀዝቃዛ። እጄን ቶሎ አውጥቼ በሽርጤ ጠረግሁት። ከዚያ ሥራዬን ጥዬ አዋላጇ ዘንድ ሄድኩና፣ “ልቡን አሰሚኝ” አልኳት። ቀጠሮ የለሽም አለችኝ። አልወጣም አልኩ። አሰማችኝ። የልብሽ ኮቴ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነበር።

ስመለስ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

“ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት” አሉ። “የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ማንም አይሰማም ብሎኝ ነበር።”

“እኔም ባል አለኝ” አልኳቸው። “እርስዎ አትንገሪ ስላሉኝ አልነገርኩትም።”

ጫማቸውን አዩ። “ደስታዬን አልቻልኩትም” አሉ።

አባትሽም ያለው ይህንኑ ነበር። ለአባትሽ ይቅር ብያለሁ፤ አብሮኝ አልቅሷል። ለእሳቸው ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ጠብቂ ያሉኝ እሳቸው፣ ያፈረሱትም እሳቸው! እኔ ጠባቂዋ ተራ ጽዳት፣ እሳቸው አዋቂ። እንዴት ነው ነገሩ?

ወንዱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጭስ ማውጫው ላይ ብቻውን ዘመረ። ያፏጫል፣ ጠጠሩን ያሻል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ እንደገና። አንድም ቴሌስኮፕ አልመጣም። ሳጥኖቹ ሌላ ቦታ ሌላ ወፍ ነግረዋቸው ይሆናል።

ሽማግሌው ብቻ ይመጡ ነበር። ባይኖኩላራቸውን ቤት ትተው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ አጥሩ ሥር ያዳምጣሉ። አንድ ጠዋት ስኒ ሳጥብ ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አነሱ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። በሳምንቱ ሌላ ሕንፃ መደቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

እጄ ላይ የነበረው አንድ ስኒ ነው። አስቀምጬው እጄን ማንሳት እችል ነበር።